የልጄን ደብተር ቀበሌ የወሰድኩ ዕለት

ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እርግጥ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አቦምሳ አምስተኛ ልገባ ስል ተዳርኩ። ያዘገየኝ ግን የትምህርቴ ማነስ አይደለም። ታሪኩን ለሰው በነገርኩ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ስደርስ እየዘለልኩ አልፍ ነበር። እዚህ ሳልዘል ልናገር።

ያኔ የምኖረው ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ባለው ሰፈር ነው። ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤቱን የሚያየው በወር አንድ ሁለት ጊዜ ነው። እኔ በእግር የምትመታ የልብስ ስፌት መኪና ነበረችኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ልጃችን አንድ ናት። ሰናይት እንበላት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች።

ፈሪ ነበርኩ። ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ብነግራችሁ ለማሳበብ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ተሾመ እኔ ዘንድ ሆኖ ሲማር፣ በእነዚያ ክፉ ዓመታት፣ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ተወሰደ። ስንቅ አመላልስለት ነበር። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የቆመው ሰው ሳህኑን ሳይነካ፣ "ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ" አለኝ። በዚያ ዘመን ይህ የሞት መርዶ ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚነግርህ የለም። ከተሾመ ጋር የሚውለውን የጎረቤታችንን ልጅ ግን እናቱ እጁን ይዛ ቀበሌ ወስዳ ራሱን እንዲያጋልጥ አደረገችው። ሦስት ወር ታሰረ፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ተናዘዘ፣ ወጣ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። እኔም ከሁለቱ ልጆች አንድ ትምህርት ያዝኩ፤ ቀድሞ ያጋለጠ ይማራል፣ የደበቀ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ የሰናይትን ደብተሮች እፈትሽ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቦርሳዋን አልጋ ላይ ዘርግፌ ገጽ በገጽ አያለሁ። ያልገባኝ ነገር ያለበት ወረቀት ካገኘሁ ምድጃ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የኬሚስትሪ ማስታወሻዋን አቃጥዬባት አስተማሪዋ ገርፏታል። ማን እንዳቃጠለው ግን አልተናገረችም። እኔንም አልጠየቀችኝም።

ድርቁ የጸናበት ዓመት ነበር። ከሰሜን የመጡ ሰዎች በመናኸሪያው አጥር ሥር ልጆቻቸውን ታቅፈው ይቀመጡ ነበር፤ ሰናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታልፈው በዚያ ነው። ዝምታ አበዛች። አንድ ቀን እራት ላይ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣

"እማዬ፣ ሰው ስንት ቀሚስ ያስፈልገዋል?" አለችኝ።

"ስንት አለሽና ነው?"

"ሦስት።"

"አራተኛ ልስፋልሽ?"

ሳቀች። "አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ።"

እኔ ልብስ አማራት ብዬ ነበር። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ጨርቅ ሳይ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንግዳ እየሆነብኝ መጣ። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃዋ ተጠርጎ ይመለሳል፣ እሷ ግን ቤት ስትገባ ቀኑን ሙሉ እህል ያልቀመሰች ሰው ትመስላለች። ሐሙስ ሐሙስ ትዘገያለች። የት ነበርሽ ስላት፣ "ከጓደኛዬ ጋር ሳጠና" ትለኛለች። በመጨረሻ ለገና የሰፋሁላት ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው፣ ከሳጥኑ ጠፋ።

"ሰማያዊው ቀሚስሽ የት አለ?"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለሚያስፈልገው ሰው።"

"ይሄ ሰው ስም የለውም?"

"አለው። እንዳልናገር ግን ተለምኛለሁ፣ እማዬ። ስለዚህ አልነግርሽም።"

ይህን ያለችው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እንደወጣች የስፌት ሥራዬን ትቼ እስከ ከሰዓት ቤቱን ስበረብር ቆየሁ። ቤት ትታው የሄደችው አንድ ደብተር ነበር፤ የጂኦግራፊ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳገላብጥ ተራራና ወንዝ ብቻ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። በቆንጆ ጽሕፈቷ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ልኑር" የሚል ርዕስ ተጽፏል፤ ከሥሩ ቁጥር ተሰጥቶ ተደርድሯል።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሁለት ቀሚስ ይበቃኛል፤ ሦስተኛው ለ"መ" ይሰጥ ይላል። ረቡዕና ዓርብ የምሳዬ ግማሽ ለ"መ" አባት፣ እስር ቤት። ሐሙስ ከሀዲዱ ማዶ፤ የተማርኩትን ለ"መ" ማካፈል፤ ከሰው ዓይን መጠንቀቅ። አራተኛው፣ "ሰው ስላጨበጨበ ብቻ አላጨበጭብም" የሚል ነው። ቀጥሎ፣ ወሬ አላቀብልም። ቀጥሎ፣ እማዬን አልዋሽም፤ የማልነግራት ካለ አልነግርሽም እላታለሁ። የመጨረሻው፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሳልጠየቅ፣ አንድ ሰው ልጥቀም።

ዛሬ ሳየው አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ኑሮዋን ቀለል አድርጋ፣ ለሰው የሚተርፍ ቁም ነገር ሠርታ ለመኖር ለራሷ የገባችው ቃል ነው። ያኔ ግን ያነበብኩት በተሾመ ዓይን ነው። "መ" የድብቅ ስም መሰለኝ። እስር ቤት ይላል። ከሰው ዓይን መጠንቀቅ ይላል። አላጨበጭብም የሚለውንማ ደግሜ አነበብኩት፤ በዚያን ጊዜ ስብሰባ ላይ እጁን ያላነሳ ሰው ተቆጥሮ እንደሚያዝ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

እንደ ልማዴ ላቃጥለው ምድጃው አጠገብ ደረስኩ። ክብሪቱን ጭሬ ነበር። ደብተሩ ቢቃጠል ልጅቷ በየሐሙሱ የምትሄድበት ቤት አይቃጠልም ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው ከደረሰባት ደግሞ አበቃ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልቅደም አልኩ። ደብተሩን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ያ የናዝሬት ነፋስ አሸዋ እያነሳ ፊት ላይ ይረጫል። የቀበሌው በር ላይ ጋሽ ቱፋ ቆመዋል፤ የቀበሌው ዘበኛ ናቸው፣ ሽማግሌ፣ አሮጌ ጠመንጃ የሚይዙ።

"አካም ጅርታ፣ እቴቴ?" አሉኝ።

"ፈያ፣ ጋሽ ቱፋ። ጸሐፊው አሉ?"

"ስብሰባ ወጥቷል። ይመጣል። ምን ይዘሽ ነው?"

"የልጄን ደብተር።"

"ለምዝገባ ነው?"

"አይ። የሚታይ ነገር አለበት።"

ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ እኔ ቀረቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እቴቴ፣ እኔ ማንበብ አላውቅም። ግን እዚህ በር ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ወረቀት በዚህ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም።"

"ቀድሞ ያጋለጠ ይማራል አይደል የሚባለው?"

"ይባላል።" ወደ መንገዱ ዞረው አዩ፤ ማንም የለም። "ገሊ። ቤትሽ ግቢ፣ እቴቴ። እኔ አላየሁሽም።"

እየዘለልኩ የማልፋት ቦታ ይቺ ናት። ለሰው ስነግር ጠርተውኝ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴም ደብተሩን ከእጄ ነጥቀውኝ ነው እላለሁ። ማንም አልጠራኝም። በሩ ክፍት ነበር፤ በሩን የሚጠብቀው ሰውም ሂጂ እያለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። በሦስተኛው ደጁ ድረስ ወጥቼ ሳለሁ ጸሐፊው ከሁለት ሰዎች ጋር ሲመጣ አየሁት። ዝም ብዬ ባልፈው ማንም ምን ይዘሻል አይለኝም ነበር። ጋሽ ቱፋ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ለእኔ ብለው። እኔ ግን፣

"ጌታዬ፣ እርስዎን ነበር የምጠብቀው" አልኩት።

ጸሐፊው ወጣት ነው። ቢሮው ውስጥ ደብተሩን ተቀብሎ ለሁለቱ ጓደኞቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር።

"ሁለት ቀሚስ ይበቃኛል። ሠርቶ አደሩ አንድ አጥቶ፣ እሷ በሁለት ተቸግራለች።"

ሁለቱ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ማንም አልሳቀም። ደግሞ አነበበው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ልጅ ናት፣ ጌታዬ።"

"ጌታ የለም። ጓድ በይ። ማን ነው ያደራጃት?"

"አላውቅም፣ ጓድ። ለዚህ ነው ያመጣሁት። ራሷን አጋልጣ ምሕረት እንድታገኝ ብዬ ነው።"

"ጥሩ አድርገሻል። መ ማን ነው?"

"አላውቅም።"

"አባቱ የታሰረ፣ ከሀዲዱ ማዶ የሚኖር።" ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ከሁለቱ አንደኛው፣

"የጴንጤው ቤት ነዋ" አለ። "ወንጌል ሰብከሃል ተብሎ የገባው ሰውዬ። መሠረት የምትባል ልጅ አለችው።"

"ዛሬ ቀኑ ምንድነው?" አለ ጸሐፊው።

መልሱን ሁሉም ያውቀው ነበር።

አብረሽ ትሄጃለሽ አሉኝ። ሁለት መሣሪያ የያዙ፣ ጸሐፊው፣ እኔ። ሀዲዱን ተሻገርን። በመንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ተይዛ ነው ብሎ ከንፈሩን የመጠጠ ሰውም ነበር። እንዳልተያዝኩ ቢያውቅ ኖሮ ይተፋብኝ ነበር። አንዲት የጭቃ ቤት ጋ ደርሰን ቆምን። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱም ተዘግቷል።

"አንቺ አንኳኪ" አለኝ ጸሐፊው። "ለሴት ድምፅ ይከፍታሉ።"

አንኳኳሁ። ውስጥ የነበረው ትንሽ ድምፅ ጠፋ።

"ሰናይት፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እራት ቀርቧል ብዬ እንደምጠራት ነው የጠራኋት።

የከፈተችው እሷ ራሷ ናት። ጣቶቿ ጠመኔ ነክቷቸዋል። ሌላ ሰው አላየችም፤ እኔን ብቻ ነው ያየችው፣ ፊቷም በራ።

"እማዬ? ቤቱን እንዴት አገኘሽው?" አለች። የመጣሁት ተከትያት፣ ገብቶኝ፣ ልረዳት መስሏት ነበር።

ከዚያ እነሱ ከኋላዬ ገቡ።

ውስጥ አምስት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሽማግሌ፣ ሦስት ሴቶች፣ አንድ ወጣት ባለ መነጽር። ማዕዘኑ ላይ ሌላ ነገር ነበር፤ ጥቁር የተቀባ ጣውላ፣ ላዩ ላይ የሒሳብ ጥያቄ፣ ከፊቱ አንዲት ልጅ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ። ልጄ የምትመጣው መሠረትን ልታስተምር ነበር። ጸሎቱ የእነሱ ነው፤ ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ በአንዱ ጥግ ይጸለያል፣ በሌላው ሒሳብ ይሠራል።

"ስብሰባ ነው?" አለ ጸሐፊው።

"ጸሎት ነው" አሉ የቤቱ ባለቤት፣ የመሠረት እናት። ወይዘሮ አልማዝ እንበላቸው።

"ያለ ፈቃድ ተዘግቶ የሚደረግ ነገር ስብሰባ ነው። ተነሱ።"

ማንም አልጮኸም። ሽማግሌው ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉ፣ ባለ መነጽሩ አነሳቸው። ሰናይት እኔ አጠገብ ቆማ ደብተሯን በጸሐፊው ብብት ሥር አየችው። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ?"

"ላተርፍሽ ብዬ ነው።"

"ከምን?"

ዓይኔን ከእሷ ወደ ሒሳቡ ጣውላ አዞርኩ።

መሠረትን ትተዋት ስድስቱን ወሰዱ፤ አምስቱንና ልጄን። ልጄን ሁለት ሌሊት ቀበሌ አሳደሯት፤ ወይዘሮ አልማዝንና ሌሎቹን ባልየው ወደታሰሩበት እስር ቤት ላኳቸው። ትምህርቴ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ቀድሞ ያጋለጠ ተማረ። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ተለቀቀች። እነዚያ ምንም ያላጋለጡት ቀሩ።

እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ነበር። ጸሐፊው ተነስቶ ስሜን ጠራ፤ ልጇን እንኳ ከአብዮቱ ያልደበቀች ንቁ እናት አለኝ። ቁሚ ተባልኩና ቆምኩ። ተጨበጨበልኝ። ጎረቤቶቼ፣ ዩኒፎርም የምሰፋላቸው ሰዎች፣ ሁሉም ያጨበጭባሉ፤ ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ነው የሚያየው። ሰውነቴ ምን እንደነካው አላውቅም፣ እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ። ሰናይት ከአጠገቤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ማንም እንዳያያት በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኳት። በዚያን ጊዜ እንኳ የፈራሁት አለማጨብጨቧን ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ለጠየቅኋት ሁሉ ትመልስልኛለች፤ ያልጠየቅኋትን አትናገርም።

"ትበያለሽ?"

"አልራበኝም።"

"ጠልተሽኛል?"

አሰበች። ማሰቧ ነው የከበደኝ።

"አላውቅም። ሳውቅ እነግርሻለሁ" አለችኝ።

ሦስት ቀን ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ በመርፌ ክር ማስገባት አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ሽሮ ወጥና እንጀራ ይዤ ሀዲዱን ተሻገርኩ። መሠረት በሩን ከፈተች። ጎረቤት ሁሉ ፈርቶ የሚጠጋት አልነበረም። ቤቴ ነይ፣ ከሰናይት ጋር ትሆኛለሽ አልኳት። ገብታ ሰማያዊውን ቀሚስ አመጣች። ታጥቦ፣ ታጥፎ ነበር።

"ይውሰዱት፣ እትዬ።"

"ያንቺ እኮ ነው።"

"የሰጠችኝ ሰናይት ናት። እርስዎ አልሰጡኝም።"

"አሁን እኔ ልስጥሽ።"

"ከእርስዎ አልፈልግም" አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው፣ እጅ እየነሳች። ምግቡንም አልተቀበለችኝም። ያንኑ ምግብ ይዤ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላስብ፣ እስር ቤቱ በር ላይ ራሴን አገኘሁት። ተሾመን ካጣሁ ወዲህ ያን በር ረግጬ አላውቅም። ከስንቅ አቀባዮቹ መጨረሻ ተሰለፍኩ።

"ለማን ነው?"

"ለወይዘሮ አልማዝ፣ ለባለቤታቸውም።"

"ዝምድና?"

"ጎረቤት" አልኩ።

በማግስቱም ሄድኩ። በየቀኑ ሄድኩ። ሁዳዴ ገና መግባቱ ስለነበር የጾም ምግብ ነው የምይዘው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። በየቀኑም ጎረቤት እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያው ጠባቂ፣ "ጎረቤት ነኝ የምትይው ነገር አልገባኝም፤ ጎረቤት እንዲህ አያመላልስም። ምናቸው ነሽ?" አለኝ።

"ያሳሰርኳቸው እኔ ነኝ" አልኩት።

ጠባቂው ትንሽ አየኝና ሳቀ።

"ያሳሰረ ሰው ስንቅ ሲያመጣ ዛሬ አየሁ። ነይ እለፊ፣ አንቺ ዕብድ።"

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ለሰናይት ነገርኳት። ለጸሐፊው የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ እንደሆነ፣ ጋሽ ቱፋ ሂጂ ብለውኝ እንዳልሄድኩ፣ ሁሉንም። እስከመጨረሻው ሰማችኝ። በነጋታው ጠዋት ስነሳ ምስሩን ለቅማ አጥባው አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ስንቁን እሷ ታደርሳለች፣ ሌላውን ቀን እኔ።

ወይዘሮ አልማዝና አብረዋቸው የተያዙት ከፋሲካ በኋላ ተለቀቁ። ባልየው ገና እዚያው ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፣ እሳቸው ናቸው። ከስተዋል። ሳህኖቼን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። የስፌት ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

"አንቺ ሴትዮ" አሉኝ፣ "እኛ የሁዳዴን ጾም አንጾምም። በዚህ ዕድሜዬ ሃምሳ አምስቱን ቀን አስጾምሽኝ። አንድ ቀን እንኳ ጠብታ ቅቤ ይጠፋል?"

ልስቅ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ።

"ማን እንደሚያመጣው ያውቁ ነበር?"

"እስር ቤቱ በር ላይ ጎረቤት ነኝ የሚለው ድምፅ በሬን ያንኳኳው አይደለም እንዴ? ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን በሉት?"

"ርቦኝ ነበራ" አሉ።

መሬት ወርጄ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ይቅር በሉኝ አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አላደረጉም። ተነሺም አላሉኝም። ሳህኖቹን የቋጠሩበትን ጨርቅ እየፈቱ፣

"ይቅር ማለቱን እዚያ ውስጥ ሳለሁ ጀምሬዋለሁ" አሉኝ። "አልጨረስኩትም። ጨርሻለሁ ብዬ እንዳልዋሽሽ።"

በዚያው ክረምት ባልየው ሲፈቱ ቤታቸውን ዘግተው ከመሠረት ጋር ሻሸመኔ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄዱ። ይጨርሱት አይጨርሱት አላውቅም።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ ፍርሃት ነው ያስደረገኝ ብዬ እንዳልፍ አትፍቀዱልኝ። ያ ዘመን ሁላችንንም ያስፈራ ነበር፤ ጋሽ ቱፋም ፈርተው ነበር፣ ወይዘሮ አልማዝም በራቸውን የዘጉት ፈርተው ነው። ግን የእነሱ ፍርሃት ሌላ ሰው አላሳሰረም። እኔ ልጄን የምወድ ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ ማን እንደሆነች ግን ከጸሐፊው አፍ ነው የሰማሁት። ልጄ እንዴት ልኑር ብላ ስትጨነቅ እኔ የምጨነቀው እንዴት እንደምትተርፍ ብቻ ነበር። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። ይህን ለማወቅ የሌላ ሰው ቤት መፍረስ አልነበረበትም።

ደብተሩ ቀበሌ ቀረ። የጻፈችውን ግን ራሴ አንብቤው፣ ጸሐፊውም ጮክ ብሎ ሲያነበው ስለሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እንደ አቅሜም ልኖርበት እሞክራለሁ። ቀሚሱ ቀላል ነው፤ በእኔ ዕድሜ ሁለትም ይበዛል። ወሬ አለማቀበሉ ነው ያስቸገረኝ። ሰው ስለ ሰው ሲነግረኝ ምላሴ ለማቀበል ሲነሳ ይሰማኛል፣ ያን ጊዜ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ውሃ የምጠጣበት ጊዜ አለ።

ሰናይት ዛሬ አስተማሪ ናት። የጻፍኩትን ከመላኬ በፊት ሄጄ ጠየቅኋት።

"ያንን ነገር ጽፌዋለሁ" አልኳት። "ላውጣው?"

"አውጪው። የእነሱን ስም ግን ቀይሪ።"

"ቀይሬያለሁ። ያንቺንም ቀይሬያለሁ። ይኸው፣ መጀመሪያ አንቺ አንብቢው።"

ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አየችው፣ አልተቀበለችኝም።

"ተይው፣ እማዬ" አለች። "እኔ የሰው ደብተር አልከፍትም።"

ቀልዷን ነው። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ነጠላዬ ውስጥ ያዝኩት።